ዋስ እና ወረቀት፦ የዕለት ተዕለት ውልና ሙግት ታሪክ በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ ላይ የተጻፉት ሥራዎች አብዛኞቹ በነገሥታት ዐዋጆች፣ በሕገ መንግሥቶችና በታላላቅ የወንጀል ፍርዶች ላይ ያተኩራሉ፤ ገበሬው ለዘር የሚሆን እህል ሲበደር፣ ነጋዴው ሸቀጥ በዱቤ ሲያነሣ፣ የከተማ ነዋሪዋ ከቤቷ አንዱን ክፍል ስታከራይ ወይም ወንድማማቾች ርስት ሲካፈሉ ይገዛቸው የነበረው ሕግ ግን ብዙ ጊዜ በጨረፍታ ተጠቅሶ ይታለፋል። ሆኖም የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል ሕግን የሚያውቀው በዚህ በኩል ነው፤ ዙፋን ችሎት ፊት ቆሞ የማያውቅ ሰው እንኳ በሕይወቱ ውስጥ አበዳሪ፣ ተበዳሪ፣ ምስክር ወይም ዋስ ሆኖ ያውቃል። ከእነዚህ የመጨረሻው፣ ማለትም ዋስ፣ ሌላው ሰው የገባውን ቃል ሳይፈጽም ቢቀር በራሱ ገንዘብ፣ በጥንቱ ሥርዓት ደግሞ በራሱ አካል ጭምር ለመመለስ ግዴታ የገባ ሰው ሲሆን፣ የአገሪቱ የዕለት ተዕለት ፍትሕ ለብዙ ዘመናት የቆመው በእርሱ ላይ ነበር። ከ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወዲህ መንግሥት የሰውን ቃል በጽሑፍ፣ በማኅተምና በንብረት መያዣ ለመተካት ደጋግሞ ሠርቷል፤ ወረቀቱና መያዣው ለአነስተኛው ነጋዴና ለገበሬው ባልደረሱበት ጊዜ ሁሉ ግን የሰው ዋስ በሌላ ስም ተመልሶ መጥቷል፤ ይህም የሆነው ሕዝቡ ከልማዱ መላቀቅ ስላቃተው ሳይሆን ሌላ የሚያቀርበው ነገር ስላልነበረው ነው።

የተጻፈ ሕግ ስላልነበረ ነው እንዳይባል፣ ፍትሐ ነገሥት ነበረ። ይህን መጽሐፍ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብጽ የቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ የነበረው ኢብን አል-አሳል በዐረብኛ አዘጋጀው፤ በትውፊት እንደሚነገረውም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት ወደ ግእዝ ተተረጎመ። ከ51 አንቀጾቹ የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚናገሩ መንፈሳዊ ክፍሎች ሲሆኑ፣ የቀሩት ሥጋዊ ተብለው ስለ ጋብቻ፣ ስለ ውርስ፣ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ብድር፣ ስለ አደራ፣ ስለ መያዣና ስለ ዋስትና ይደነግጋሉ፤ ተበዳሪውን የሚጨቁን ወለድም በመጽሐፉ የተወገዘ ነው። ይሁን እንጂ መጽሐፉ የሚነበበው በንጉሡ ችሎትና በሊቃውንቱ ጉባኤ ነበር። ግእዝ በማይሰማበት መንደር ጭቃ ሹሙ ወይም መልከኛው፣ ማለትም የአጥቢያው ሹምና የጉልት ባለመብቱ ወኪል፣ ሲፈርድ በፊቱ የነበረው መጽሐፍ ሳይሆን የአገሩ ልማድ፣ የሽማግሎች ትዝታና የተሟጋቾቹ አንደበት ነበር። ፍትሐ ነገሥት ክብሩና ሥልጣኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የዘር እህል ያበደረ ገበሬ ገንዘቡን ያስመለሰው በሌላ መንገድ ነው።

ያ መንገድ የሚጀምረው በአደባባይ ወይም በጎዳና ላይ ነበር። በዳይ ነው ያሉትን ሰው በመንገድ ያገኙት እንደሆነ «በሕግ አምላክ» ወይም በንጉሡ ስም «በምኒልክ አምላክ» ብሎ ማስቆም የማንኛውም ሰው መብት ሲሆን፣ የተጠራበት ሰውም ጥሪውን ረግጦ ቢሄድ ራሱን የቻለ ጥፋት ይሆንበት ነበር። ሁለቱ የኩታቸውን ጫፍ ቋጥረው ወደ ቅርብ ዳኛ ይሄዳሉ፤ ሹም በአቅራቢያ ባይገኝ መንገደኛ የሆነ ጨዋ ሰው «ፍረደን» ተብሎ ሲለመን ተቀምጦ ነገራቸውን መስማት ነበረበት፤ ይህም የመንገድ ዳኛ ይባላል። የመንገድ ዳኛው ሥራ ብዙውን ጊዜ ማስታረቅ ነበር፤ ሳይሆንለት ሲቀር ጉዳዩ ወደ ሹሙ፣ ከሹሙም በይግባኝ እየተነሣ ወደ ወንበሮች፣ ማለትም የንጉሡ ዋና ዳኛ ከሆነው ከአፈ ንጉሡ ቀኝና ግራ ተቀምጠው ወደሚፈርዱት ዳኞች፣ በመጨረሻም ወደ ንጉሡ ችሎት ሊደርስ ይችላል። በዚህ የዳኝነት መሰላል ውስጥ የሚደነቀው ነገር የታችኛው እርከን ለማንም ክፍት መሆኑ ነው፤ ማመልከቻ፣ የቴምብር ገንዘብ ወይም የቀጠሮ ደብዳቤ ሳያስፈልግ ሙግት መጀመር ይቻል ነበር።

ሙግቱ ከተጀመረ በኋላ ግን እያንዳንዱ እርምጃ ዋስ ይጠይቃል። ዳኛው የመጀመሪያውን ቃል ከመስማቱ በፊት ከሳሹን «ዋስ ጥራ» ይለዋል፤ ከሳሹ የጀመረውን ክስ ትቶ እንዳይጠፋና ቢረታ የሚገባውን እንዲከፍል ዋስ ያቆማል። ተከሳሹም በበኩሉ በቀጠሮው ቀን ለመቅረብና የተፈረደበትን ለመክፈል ዋስ ይጠራል። እነዚህ ዋሶች ከሚሟገቱበት አገር የሚታወቁ፣ ርስት ወይም ከብት ያላቸውና ከተሟጋቹ ጋር በዝምድና ወይም በጉርብትና የተሳሰሩ ሰዎች መሆን ነበረባቸው፤ ዋስ የቆሙለት ሰው ቢጠፋ ፈልገው የማምጣት፣ ካላገኙትም ዕዳውን የመሸከም ግዴታ ይወድቅባቸዋል። በዛሬው አጠራር የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የፍርድ አፈጻጸም መምሪያና የፖሊስ ሥራ የነበረው ሁሉ በዋሱ ጫንቃ ላይ ያረፈ ስለነበር፣ መንግሥት ሠራተኛ ሳይቀጥርና ደመወዝ ሳይከፍል ፍርዱን የሚያስፈጽምበትን መንገድ አግኝቶ ነበር ማለት ይቻላል።

በሙግቱ ሂደት ደግሞ ውርርድ አለ። ተሟጋቾች የተናገሩት እውነት መሆኑን ለማጽናት ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ ወይም ጠገራ ብር እንሰጣለን እያሉ ይወራረዳሉ፤ እሰጥ አገባ የሚባለው የሙግት ሥርዓት ይህ ነው። የተረታው ወገን ያወራረደው ነገር ለዳኛው ይገባል፤ ዳኛው ከመንግሥት የሚቆረጥለት ደመወዝ ስላልነበረው ዋና ገቢው ይህ ነበር፤ ለውርርዱም እንደገና ዋስ ያስፈልጋል። ይህ አሠራር ሁለት ገጽታ ነበረው። በአንድ በኩል ሰው በማያውቀው ነገር በድፍረት እንዳይከራከር ይገታዋል፤ በሌላ በኩል ግን አንደበቱ የማይታዘዝለትን ደኻ፣ እውነት በእጁ ሳለ፣ ውርርዱን ፈርቶ ዝም እንዲል ያደርገዋል፤ ዳኛውም ነገሩ በረዘመ ቁጥር ስለሚጠቀም የማሳጠር ምክንያት አልነበረውም። በላ ልበልሃ የሚባለው፣ ተሟጋቾች በግጥምና በተዋበ ንግግር የሚከራከሩበት ሥርዓት እስከ ዛሬ በባህል መድረክ በኩራት ሲታይ፣ አንደበተ ርቱዕ ጠበቃ ለመያዝ አቅም ያልነበራቸው ሰዎች በዚያው መድረክ ስንት ከብትና ስንት ርስት እንዳጡ ማስታወስ ተገቢ ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው አባባል ሕዝቡ ለፍርድ የነበረውን ጥልቅ አክብሮት ያሳያል፤ በቅሎ በፍርድ መሄዷ ግን አባባል ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ የሚታይ ነገር ነበር።

ዋስ ማግኘት ያልቻለ ሰው ዕጣው ቁራኛ ነበር። ቁራኛ ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ በእጅ አንጓቸው ላይ በሰንሰለት የሚተሳሰሩበት ሥርዓት ሲሆን፣ ነገሩ እስኪቆረጥ ወይም ዕዳው እስኪከፈል ድረስ አብረው እንዲበሉ፣ አብረው እንዲሄዱና አብረው እንዲያድሩ ያደርጋቸዋል፤ አቅም ያለው አበዳሪ በራሱ ፈንታ አሽከሩን አስሮ ይልካል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመንና በ20ኛው መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የውጭ አገር ተጓዦች በገበያና በከተማ ጎዳና ጥንድ ጥንድ ሆነው በሰንሰለት የሚጓዙ ሰዎችን ማየታቸውን ደጋግመው ጽፈዋል፤ ብዙዎቹም ነገሩን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው አልፈውታል። ይህ ፍርድ ቸኩሎ የተሰጠ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ባለዕዳ ወደ ወኅኒ ሊወርድ ይችል ነበር፤ የቁራኛ ሥርዓት ግን ባለዕዳውን ከገበያው፣ ከዘመዶቹና ከሥራው ስለማይለየው ብድሩን ለመክፈል የሚሆን ገንዘብ ለመለመንም ሆነ ሠርቶ ለማግኘት ዕድል ይሰጠዋል፤ ሰንሰለቱ አበዳሪውንም ስለሚያስር ሁለቱም ወገኖች ቶሎ ለመታረቅ ይገደዳሉ፤ ከሁሉም በላይ የእስረኛውን ቀለብና ጥበቃ የሚችለው መንግሥት ሳይሆን ከሳሹ ራሱ ነው። ይህን መረዳት ሥርዓቱን ማሞገስ አይደለም። ሰንሰለቱ የሰውን ክብር የሚያዋርድ ነበር፤ ክብደቱም የሚያርፈው ዋስ በሌለው ሰው ላይ፣ ማለትም ከሩቅ አገር በመጣ መንገደኛ፣ ዘመድ በሌለው ምንደኛና ቀዬውን ትቶ በተሰደደ ገበሬ ላይ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ድኻ ማለት ገንዘብ የሌለው ብቻ ሳይሆን ዋስ የሚሆነው ሰው የሌለው ነበር።

ጽሑፍ ከዚህ ዓለም ጨርሶ አልጠፋም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎንደርና በአካባቢዋ፣ በተለይም እቴጌ ምንትዋብ በመሠረተችው በቁስቋም ቤተ ክርስቲያን፣ የመሬት ሽያጭና የስጦታ ውሎች በቅዱሳት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይመዘገቡ ነበር። እነዚህ መዛግብት የሻጩንና የገዥውን ስም፣ ዋጋውን፣ ከዚያም የምስክሮቹንና የዋሶቹን ዝርዝር ይይዛሉ። የመዝገቡ ዓላማ ግን ሰውን በወረቀት መተካት ሳይሆን ሰዎቹ እነማን እንደነበሩ እንዳይረሳ ማድረግ ነው፤ ውሉን ያጸናው የዋሶቹና የምስክሮቹ መገኘት ሲሆን፣ ብራናው የእነርሱን ስም ለልጅ ልጅ የሚያቆይ ማስታወሻ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የተመረጠችበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ወንጌልን ፍቆ ስም መለወጥ ከሰው ሙግት አልፎ ከእግዚአብሔር ጋር መሟገት ነበር።

ዋስ ባልበቃበት ቦታ ወለድ አገድ ነበር። ተበዳሪው መሬቱን ወይም ቤቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪው ዋናው ገንዘብ እስኪመለስለት ድረስ መሬቱን አርሶ ምርቱን ይወስዳል ወይም ቤቱን ይኖርበታል፤ ምርቱ በወለድ ፈንታ ስለሚታሰብ ወለድ የሚባል ነገር አይጠቀስም። ወለድን ለሚያወግዝ ሃይማኖት ይህ አመቺ መውጫ ነበር፤ ለተበዳሪው ግን ብዙ ጊዜ አደገኛ ሆነ፤ መሬቱን የለቀቀ ገበሬ ዋናውን ገንዘብ የሚያጠራቅምበት ምርት ስለሌለው ዓመታት ተቆጥረው ወለድ አገዱ ወደ ልጆቹ ይተላለፋል።

ነገሩ መለወጥ የጀመረው በንግድ በኩል ነው። የረጅም ርቀት ነጋዴዎች ከዘመዶቻቸው ርቀው የሚኖሩ በመሆናቸው የመንደር ዋስ አይበቃቸውም፤ ስለዚህ የነጋዴዎች አለቃ የሆነው ነጋድራስ ቀረጥ ከመሰብሰቡ በተጨማሪ በመካከላቸው የሚነሣውን የብድርና የሸቀጥ ክርክር ይዳኝ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ የዳኝነት ሚኒስትርነቱን ሥራ ያዙ፤ በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በመልእክተኛው በክሎቡኮቭስኪ ስም የሚታወቀው የንግድ ውል ደግሞ የውጭ አገር ዜጋ ከኢትዮጵያዊ ጋር ሲከራከር ቆንስሉ በችሎቱ እንዲገኝ የሚያደርግ ልዩ ሥርዓት አስገባ። የዚህ ውል ውጤት ትንሹን ነጋዴ በቀጥታ ይነካው ነበር። በአዲስ አበባ ገበያ አቡጀዲ፣ ጨውና ቅመም የሚቸረችር ሰው ሸቀጡን በዱቤ የሚያነሣው ከሕንድ፣ ከአርመን፣ ከግሪክና ከየመን ዐረብ ነጋዴዎች ሲሆን፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ባዕዱ ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን ይዞ ይቀርባል፤ ቸርቻሪው ግን በእጁ ያለው ምስክርና ዋስ ብቻ ነው። የጽሑፍ ማስረጃ የበላይነት በኢትዮጵያ የተጀመረው በሕግ ዐዋጅ ሳይሆን በእነዚህ ሱቆች ባንኮኒ ላይ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክም ለሚያበድረው ገንዘብ መያዣ የሚጠይቅ ተቋም ስለነበር በአብዛኛው የሚያገለግለው ትልልቆቹን ነጋዴዎችና መኳንንቱን ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ስለ ንግድ ማኅበሮችና ስለ ኪሳራ የወጡት ሕጎች የዚሁ ለውጥ ተከታዮች ናቸው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ያለው የፍርድ ቤቶች ታሪክ በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 2 ደረጃቸው የታወቀ ፍርድ ቤቶችን አቋቋመ፤ ዳኞች ደመወዝተኞች ሲሆኑ የውርርዱ ሥርዓት መሠረቱን አጣ። በ1939 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 90 የተቋቋመው የአጥቢያ ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክርና እስከ 15 ብር መቀጫ የሚያስከትል የወንጀል ነገር እንዲያይ፣ ከመፍረዱ በፊትም ተከራካሪዎችን ለማስታረቅ እንዲሞክር ታዘዘ፤ ጥንታዊው የመንገድ ዳኛ በዚህ ሹመት ውስጥ የመንግሥት መልክ ይዞ ቀጠለ። በእነዚህ ዓመታት በየፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ተፈጠረ። ሕጉ አቤቱታው በጽሑፍ እንዲሆን ሲያስገድድ፣ አብዛኛው ሕዝብ ደግሞ መጻፍ ስለማይችል፣ ማመልከቻ ጸሐፊው በባለጉዳዩና በመንግሥት መካከል የቆመ የማይታለፍ በር ሆነ። ብዙዎቹ ማመልከቻ ጸሐፊዎች የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙ፣ የሕግ ቃላትን በመስማት የለመዱ ሰዎች ነበሩ፤ ስለ እነርሱ እስካሁን ሰፊ ጥናት አለመጻፉ ያስቆጫል፤ የብዙ ሚሊዮን ሰዎች እሮሮ ወደ ሕግ ቋንቋ የተለወጠው በእነርሱ ብዕር ነውና።

ታላቁ ለውጥ በፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ረቂቅነት ተዘጋጅቶ በ1952 ዓ.ም. የታወጀውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ሕጉ 3367 ቁጥሮች አሉት፤ በቁጥር 3347 በሕጉ ውስጥ በተደነገጉ ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራባቸው የነበሩትን በጽሑፍም ሆነ በልማድ የነበሩ ደንቦች ሽሯል። በአንድ ቀን ሌሊት የመንደሩ ሕግ ሁሉ ተሻረ ማለት ነው፤ በተግባር ግን ሕጉ ብዙውን የአገር ተቋም በራሱ ስም ተቀብሎ በውስጡ አስገባ። ወለድ አገድ የራሱ ክፍል ተሰጠው፤ የሽማግሌ ዳኝነትና ዕርቅ ቦታ አገኙ፤ ዋስትናም ከቁጥር 1920 ጀምሮ በዝርዝር ተደነገገ።

የዋስትና ድንጋጌዎቹን ከጥንቱ ሥርዓት ጋር አስተያይቶ ማንበብ ያስፈልጋል። የቀድሞው ዋስ በአደባባይ በአንድ ቃል «ዋስ ነኝ» ሲል ግዴታ ይወድቅበት ነበር፤ የዕዳው ልክም እንደ ክርክሩ እየሰፋ ሊሄድ ይችላል። አዲሱ ሕግ በቁጥር 1922 ዋስትና በግምት አይወሰድም፣ በግልጽ ሊነገር ይገባዋል፣ ዋሱ ኃላፊ የሚሆንበት ከፍተኛ የገንዘብ ልክም ካልተጠቀሰ ውሉ ፈራሽ ነው አለ፤ በቁጥር 1725 ደግሞ የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት ደነገገ። በዚህም ላይ ተራ ዋስንና የአንድነት ዋስን ለየ። ተራ ዋስ ባለገንዘቡ አስቀድሞ ዋናውን ባለዕዳ እንዲጠይቅ ለማስገደድ የሚችል ሲሆን፣ የአንድነት ዋስ ግን እንደ ባለዕዳው ሁሉ በቀጥታ ሊከሰስ ይችላል። ዘመድ ወይም ጎረቤት በይሉኝታ ተገፍቶ ዋስ በሚሆንበት አገር ውስጥ የገንዘብ ጣሪያ መኖሩ ከፍ ያለ ጥበቃ ነው። ከሕጉ ድንጋጌዎች ሁሉ ለተራው ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ይህ ቢሆንም፣ በየቤቱ በሚጻፉ ውሎች ላይ «ለዚህ ሰው ሙሉ ዋስ ነኝ» የሚል፣ የገንዘብ ልክ የሌለው አነጋገር እየገባ ባለገንዘቡ ውሉ ፈራሽ መሆኑን በፍርድ ቤት ብቻ እንዲያውቅ ያደርገዋል።

በብድር ላይ የተደነገገውም እንዲሁ ነው። በቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ብቻ ነው፤ በምስክር ብቻ አይረጋገጥም። ሕጉ ሲወጣ 500 ብር የተራ ሠራተኛ የብዙ ወራት ደመወዝ ስለነበረ የመንደሩ ትንንሽ ብድር በጥንቱ ሥርዓት፣ በምስክር ቃል፣ እንዲቀጥል ተትቶ ነበር ማለት ነው፤ የብሩ የመግዛት አቅም እየወረደ ሲሄድ ግን ያው ቁጥር የገበያውን ብድር ሁሉ፣ የጉልት ነጋዴዋን የአንድ ቀን ዱቤ ሳይቀር፣ ከጽሑፍ ግዴታ ሥር አስገባው። ሕግ አውጪው ያላሰበው ይህ የዋጋ ግሽበት ሥራ ገንዘባቸውን በቃል ያበደሩ ብዙ ሰዎችን ባዶ እጃቸውን አስቀርቷል። ወለድም ተፈቀደ፤ ነገር ግን በቁጥር 2479 ተዋዋዮች ከመቶ 12 በላይ በዓመት እንዳይዋዋሉ ተገደበ፤ ከዚያ በላይ የሚሄደውና የተበዳሪውን ችግር መሣሪያ የሚያደርገው አራጣ ደግሞ በወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ሆነ። በጽሑፍ እንዲደረግ ሕግ ያዘዘው ውል ሁለት ምስክሮች ካልፈረሙበት እንደማይጸና ቁጥር 1727 ይናገራል። በቁጥር 1728 ደግሞ መጻፍ የማይችል ሰው ወይም ዓይነ ስውር የጣት አሻራ የሚያስገድደው በሕግ ሥልጣን ባለው አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ይህ ድንጋጌ ያልተማረውን ሰው ከማያነበው ወረቀት ለመጠበቅ የታሰበ ሲሆን፣ ዳኛና መዝጋቢ በሩቅ ባሉበት ገጠር ግን ያልተማረው ሰው በሕጉ መሠረት ውል መዋዋል እንዳይችል አድርጎታል።

ወረቀት ባልደረሰበት ቦታ ሕዝቡ የራሱን ፍርድ ቤት ሠራ። ዕቁብ፣ አባላቱ በየጊዜው እኩል ገንዘብ እያዋጡ ዕጣ የወጣለት ሰው ድምሩን የሚወስድበት ማኅበር፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በከተሞች የአነስተኛ ነጋዴዎች ዋነኛ የካፒታል ምንጭ ሆኗል። የዕቁቡ ሰብሳቢ ዳኛ ይባላል፤ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አሉት፤ ዕጣው የወጣለት አባል ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት የቀረውን መዋጮ እንደሚከፍል ዋስ ያቀርባል፤ ዋሱም አብዛኛውን ጊዜ ዕጣው ገና ያልወጣለት የዚያው ዕቁብ አባል ነው። ይህ አሠራር ከጥንቱ የሙግት ሥርዓት ዳኛውን፣ ዋሱንና አደባባዩን ወስዶ ሰንሰለቱንና ውርርዱን ትቷል። ባንክ መያዣ የሚጠይቀው ቸርቻሪ ሱቁን የከፈተው፣ ሹፌሩ መኪና የገዛው፣ ሸማኔው ድርና ማግ የገዛው በዚህ ገንዘብ ነው፤ ዕቁብ ላይ የሚነሣ ክርክር ወደ ፍርድ ቤት የሚደርሰውም ዳኛውና ሽማግሎቹ አቅቷቸው ሲገኙ ብቻ ነው። በደርግ ዘመንም ይህ ሁሉ ቀጥሏል፤ በ1967 ዓ.ም. የወጡት የገጠር መሬትና የከተማ ቦታ ዐዋጆች የገበሬ ማኅበራትና የቀበሌ የፍርድ ሸንጎዎችን አቋቁመው ትናንሽ ክርክሮችን ወደ ሠፈር መለሷቸው፤ መሬትና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆኑ ግን የመሬት መያዣና ወለድ አገድ ሕጋዊ መሠረታቸውን አጡ፤ ለግለሰቡ የቀረለት መያዣ እንደገና ስሙና ዋሱ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ባንኮች ሲከፈቱ ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን ሄዱ። ባንኮች በ1990 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 97 መሠረት በመያዣ የያዙትን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው፤ ቤትና ሕንጻ ያለው ሰው ብድር በቀላሉ ሲያገኝ፣ የሌለው ከበሩ ተመለሰ። ለሌላው ሕዝብ በ1988 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 40 የተፈቀዱት የአነስተኛ ብድር ተቋማት መጡ። እንደ አማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ያሉት ድርጅቶች ንብረት የሌላቸውን ገበሬዎችና የገበያ ሴቶች በትንንሽ ቡድን አደራጅተው እርስ በርሳቸው ዋስ እንዲሆኑ በማድረግ አበደሩ። የቡድን ዋስትና በውጭ አገር የልማት ባለሙያዎች ዘንድ እንደ አዲስ ግኝት ሲተረክ ቢቆይም፣ በኢትዮጵያ ገጠር ግን ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም፤ የሚተዋወቁና በአንድ አጥቢያ የሚኖሩ ሰዎች አንዱ ባይከፍል ሌላው እንደሚጠየቅ ከአያቶቻቸው የሰሙት ነገር ነበርና። ጥንት ዘመድ አልባው መንገደኛ ላይ የነበረው ችግርም አብሮ ተመለሰ፤ በሠፈሩ የማይታመን፣ አዲስ የመጣ ወይም እጅግ ድኻ የሆነ ሰው ቡድን የሚቀበለው አያገኝም።

በነጋዴዎች መካከል ደግሞ ከሁሉ የሚያሳስብ ልማድ ሥር ሰደደ፤ እርሱም ቼክን ለመክፈያ ሳይሆን ለዋስትና መስጠት ነው። አበዳሪው ወይም ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው አከፋፋይ ከተበዳሪው ቀኑ ወደፊት የተጻፈበት ወይም ባዶ የተፈረመ ቼክ ይይዛል፤ ዕዳው ሳይከፈል ሲቀር ቼኩን ወደ ባንክ ያቀርባል፤ ባንኩም ገንዘብ የለም ብሎ ሲመልሰው ጉዳዩ ከፍትሐ ብሔር ወደ ወንጀል ይሸጋገራል፤ ምክንያቱም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ የሚያዝበት ገንዘብ ሳይኖር ቼክ ማውጣትን በእስራት ይቀጣል። ደረቅ ቼክ ተብሎ የሚታወቀው ይህ ወንጀል ባንኮችና ሕዝቡ በቼክ እንዲተማመኑ ለማድረግ የተደነገገ ነበር፤ በገበያው ግን ሥራው ሌላ ሆኗል፤ ባለዕዳው ካልከፈለ ሰውነቱ ይያዛል። የቁራኛው ሰንሰለት አበዳሪውንም ያስር ስለነበር ዕርቅን ያፋጥን ነበር፤ ቼኩ ግን የሚያስረው አንዱን ወገን ብቻ ነው፤ የታሰረው ነጋዴም ሱቁ ስለሚዘጋ ዕዳውን የሚከፍልበትን ዕድል ያጣል። ጥንታዊውን ሥርዓት አረመኔያዊ ብሎ የተወ ሕግ በዚህ ነጥብ ላይ ከእርሱ የከፋ ነገር መፍጠሩን መካድ አይቻልም።

የጽሑፉ መንገድ ግን መሻሻሉን አልተወም። በተለምዶ ውልና ማስረጃ የሚባለው መሥሪያ ቤት በ1995 ዓ.ም. በወጣው ዐዋጅ ቁጥር 334፣ ቀጥሎም በ2008 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 922 ሥልጣኑ ተወስኖ ውክልናን፣ የቤትና የመኪና ሽያጭን፣ ስጦታንና ሌሎች ሰነዶችን ያረጋግጣል፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 1147 ደግሞ ከብት፣ የእርሻ ምርት፣ ማሽንና ሌላ ተንቀሳቃሽ ንብረት በመዝገብ ተመዝግቦ የብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። በሬው በመዝገብ ገብቶ ራሱ ዋስ መሆን ከቻለ፣ የገበሬው ጎረቤት ከይሉኝታ ዕዳ ነፃ ሊወጣ ነው። ለትንሹ ነጋዴና ለሚስቱ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ምናልባት ብዙ ያልተነገረለት የቤተሰብ ሕግ ነው። በጥንቱ ሥርዓት ባል በአደባባይ ዋስ ሲሆን ሚስቱ የምታውቀው ሹሙ በሬውን ሊነዳ ሲመጣ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ ዛሬ የዋስትና ውል ለማስመዝገብ ወደ ውልና ማስረጃ የሚሄድ ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛውን ይዞ ይቀርባል፣ ያላገባም አለማግባቱን የሚያስረዳ ማስረጃ እንዲያመጣ ይጠየቃል፤ ሴቲቱም ስሟን ከባሏ ስም ጎን ጽፋ ትፈርማለች፣ ካልተስማማችም ዋስትናው በዚያው ይቀራል።